ያልተቀመጠው ሁለት ነጥብ

ብርነሽ በግጥም የተወደደችው በአርባ ስምንት ዓመቷ፣ ወገቧ እንቢ ካለ በኋላ ነው። ካስትሮ ቫሊ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ሽማግሌዎችን ከአልጋ ስታነሳና ስታስተኛ ትውላለች፤ ኦክላንድ ቤቷ ስትደርስ ጫማዋን ለማውለቅ እንኳ ጎንበስ ማለት ይጨንቃታል። እንግዲህ የኛ ሰው "የግጥሟ ሴት" ብሎ ስም ያወጣላት ይህችን ነው።

ነገሩ የመጣው ከአቶ አምሐ መጽሐፍ ነው። የቀድሞ አስተማሪ ናቸው፤ አሜሪካ እንደገቡ ከብርነሽና ከባሏ ከዓንዶም ቤት አንድ ክፍል ተከራይተው ዓመት ያህል ከተቀመጡ በኋላ ሳን ሆዜ ገቡ። በ1994 የፍቅር ግጥሞቻቸውን በቀጭን መጽሐፍ አሳተሙ። ግጥሞቹ ሁሉ ፊት ለነሳቻቸው ለአንዲት ሴት የተጻፉ ናቸው፤ ማንነቷ ግን አልተነገረም። አንባቢው ማን ትሆን እያለ ሲጨነቅ ከረመና አንዱ ዓይናማ ገጽ አሥራ ሰባት ላይ አገኛት፦

ከሩቅ የምታበሪ ብርነሽ ለዓይኔ፣
ደጅሽን ስጠና አለፈ ዘመኔ።

ከዚያ በኋላ የሰውን አፍ ማን ይዝጋው? ቸርች ውስጥ ሴቶቹ ዞር እያሉ ያዩዋት ጀመር። አንድ ጣሪያ ሥር ኖረው የለ፣ ተባለ።

ዓንዶም አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። ትራሱን ይዞ ሳሎን ሶፋው ላይ ከተመ። ጠዋት ወደሚሠራበት ፓርኪንግ ይሄዳል፣ ሲመለስ ቴሌቪዥኑ ላይ ያፈጣል። ብርነሽ ብትምል ብትገዘትም አላመናትም። በስድስተኛው ወር፣ በቃ የየራሳችንን አፓርትመንት እንፈልግ አላት። አሥራ ሦስት ዓመት አብረው ከኖሩ በኋላ መሆኑ ነው።

በዕረፍት ቀኗ ባርት የሚባለውን ባቡር ይዛ ፍሪሞንት፣ ከዚያም በአውቶቡስ ሳን ሆዜ ወረደች። አቶ አምሐን ቤታቸው አገኘቻቸው።

"ጋሼ አምሐ፣ ትዳሬ ሊፈርስ ነው" አለች። "ለዓንዶም ኮል አድርገው እውነቱን ይንገሩልኝ።"

አቶ አምሐ ስለ ወሬው ምንም አልሰሙም ነበር፤ ነገረቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ገጽ አሥራ ሰባትን ሲያዩ ራሳቸውን ያዙ። መሳቢያ ከፍተው በእጃቸው የጻፉትን አወጡላት። እሳቸው እንደ ድሮው በየቃሉ መሃል ሁለት ነጥብ የሚያስቀምጡ ሰው ናቸው፤ ወረቀቱም "ብር፡ነሽ" ይላል። ለዓይኔ ብር ነሽ፣ ታበሪያለሽ፣ ማለታቸው ነው። በኮምፒዩተር የተየበላቸው የሳኒቬሉ ኢንጂነር ኢዮሲያስ ግን፣ ለአንድ ሁለት ነጥብ ሦስት ቁልፍ መጫን ሰልችቶት ሁሉንም ተዋቸው። በምትካቸው ክፍት ቦታ እየተወ ሄደ፤ እዚህ ላይ ግን ረሳ። ብርና ነሽ ተጣበቁና ሰው ሆኑ።

ብርነሽ እፎይ ማለት ነበረባት። አላለችም።

"ታዲያ ሴትዮዋ ማን ናት?"

"ማንም አይደለችም" አሉ አቶ አምሐ እያፈሩ። "ብቻዬን ነበርኩ፤ ለግጥሙ ሴት አስፈለገኝና ፈጠርኳት።"

ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በአውቶቡሱ መስኮት እያየች ልቧ ለምን እንዲህ እንደከፋው ገባት። እኔ አይደለሁም እያለች ስትከራከር የከረመችው ሴት፣ መጦሪያው ውስጥ ሽማግሌ ስታገላብጥ ያቺን "ደጅሽን ስጠና" የምትለዋን ቃል በልቧ ትደጋግማት ነበር። ባይሆን እንኳ ይሁን ብላ ነበር። በዕድሜዋ ደጇን የጠና ሰው የለም። ዓንዶምም ያገባት ካርቱም ላይ፣ የስደተኛ ፎርሙ ለባልና ሚስት ይቀላል ተብሎ ነው።

ቤት ስትደርስ ፀሐይ አልጠለቀችም። ዓንዶም ሶፋው ላይ ነበር። ወረቀቱን ከመጽሐፉ ጋር ሰጠችው፣ አስረዳችው። ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ጣቱን ሁለት ነጥቡ ላይ አድርጎ ቆየ። ከዚያ ሳቀ። ከስድስት ወር ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው።

"እኔም እኮ ገርሞኝ ነበር" አላት። "ላንቺ ማን ግጥም ይጽፋል?"

ክፋት አልነበረውም፤ ደስታው ነው እንዲያ ያናገረው። ተነስቶ ትራሱን አቀፈና ወደ መኝታ ቤት ሊገባ ሲል ብርነሽ በሩ ላይ ቆመች። ትራሱን ከእጁ ተቀበለችው።

"አንተ ግባ" አለችው። "ከዛሬ ጀምሮ ሶፋው የኔ ነው።"

እንደ ቆመ ትታው አለፈችና ጫማዋን ሳታወልቅ ጋደም አለች።