ማይካውና የአጎቴ ማስነጠስ

አጎቴ የአንኮበር ቄስ ናቸው። ደብረ ብርሃን የምሠራበትን ቤተ ሙከራ ሊያዩ ሲመጡ፣ ማይካ የሚባለውን እንደ ሽንኩርት የሚላጥ አብረቅራቂ ድንጋይ አሳየኋቸው። የጂኦሎጂ ባልደረባዬ የዐለት ዕድሜ ያነብበታል፤ የኤሌክትሪኩ መምህር ኮረንቲ ይከላከልበታል። እኔ ደግሞ ፕላስተር ለጥፌበት የላይኛውን ስስ ሽፋን እልጥና ንጹሑ ገጽ ላይ ፕሮቲን አድርጌ በማይክሮስኮፕ አያለሁ።

«ይህን ሁሉ ዓመት የተማርከው ፕላስተር ለመላጥ ነው?» አሉኝ።

«አሁን የላጥኩትን ገጽ እኮ ከተፈጠረ ጀምሮ ማንም አላየውም፤ አቧራ እንኳ አልነካውም» አልኳቸው በኩራት።

መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ፣ አማተቡ፤ ከዚያ የደብረ ብርሃን ብርድ ያመጣባቸውን ማስነጠስ በላዩ ላይ ለቀቁት።

«ይማርዎ» አልኳቸው ንዴቴን ውጬ።

«ግድ የለም፣ ጠበል ነካው በል» ብለው ሳቁ። እኔም እየሳቅኩ ሌላ ፕላስተር ቆረጥኩ።