ድምፅ የምታሻክረው ሳጥን

የበደለኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ደርግ ሥልጣን በያዘ በአራተኛው ዓመት፣ በነሐሴ፣ ደባርቅ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ በሃያ ሰው ፊት። ስሙን አልጽፍም፤ ልጆች አሉት፣ ልጆቹ ምንም አላደረጉኝም። ዘመዶቻችን “ዘመኑ ነው እንጂ እሱ አይደለም” ይላሉ። ዘመኑ አፍ የለውም። የተናገረው እሱ ነው።

ያን ጊዜ እያንዳንዱ ቀበሌ የኪነት ቡድን ነበረው። እኔ የቡድኑን ልብስ እሰፋለሁ፣ ሰው ሲጎድልም ከኋላ ቆሜ እዘምራለሁ። የአክስቴ ልጅ ጎንደር ተምሮ የመጣ ስለሆነ ጊታር ይመታል። ጊታሩም፣ ለስብሰባ የመጣው ድምፅ ማጉያም የቀበሌው ንብረት ነው። ለአብዮት በዓል ጎንደር ወርደን ልንወዳደር ነበርና እሱ እዚያ የሰማው አንድ ጊታር እንቅልፍ ነስቶታል።

“ድምፁ ንጹሕ አይደለም፤ ይሻክራል” አለኝ። “እንዴት ልንገርሽ፣ ጉሮሮው የቆሰለ መለከት በይው። ሰውየው በእግሩ አንዲት ትንሽ ሳጥን ሲረግጥ ነው እንዲያ የሚሆነው።”

“ሳጥኗ ውስጥ ምን አለ?”

“እሱንማ አንቺ ነሽ የምታውቂው፣ እህቴ። በዚህ አገር ካንቺ በቀር የራዲዮ ሆድ ከፍቶ ያየ ማን አለ?”

እህቴ ነበር የሚለኝ። እናቶቻችን የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ያደግነውም በአንድ ግቢ ነው።

የራዲዮን ነገር የተማርኩት ከአጎቴ ነው። ዳባት ገበያ ዳር ራዲዮ ይጠግን ነበር፤ ልጅ ስላልነበረው ክረምት ክረምት እኔን ይወስደኝ ነበር። በከሰል የሚግለውን መበየጃ እንዴት እንደምይዝ፣ ቀልጦ የሚያያይዘውን እርሳስ እንዴት እንደማንጠባጥብ ያሳየኝ እሱ ነው። እናቴ አትወደውም ነበር። በኛ አገር ብረት የሚያግል እጅ ይፈራል። “ልጄን ቀጥቃጭ ልታደርጋት ነው?” ትለው ነበር። አጎቴ ሲሞት የሞቱ ራዲዮኖች ሆድ ዕቃ የሞላበት አንድ ጆንያ ቀረልኝ።

ከዚያ ጆንያ ሁለት ትራንዚስተር አወጣሁ። የተቃጠለ ካውያ ገመድ ነበረን፣ እሱን ቆረጥኩት። ለመርገጫ የአልጋ ራስ መብራት ማብሪያ ማጥፊያ አገኘሁ። ኃይሉ ከሁለት የባትሪ ድንጋይ ነው። አጎቴ ስለዚህ ዓይነት ሳጥን ነግሮኝ አያውቅም፤ ግን የተበላሸ ማጉያ እንዴት ድምፅ እንደሚያሻክር አውቃለሁ። ሌላው ሰው የሚጠግነውን ብልሽት እኔ ሆን ብዬ ሠራሁት ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። የአክስቴ ልጅ በየቀኑ እየመጣ አጠገቤ ቁጭ ብሎ የጋለውን ብረት በአፉ እፍ ይል ነበር። ይህን የምጽፈው በኋላ ምን እንዳለ እንድታነጻጽሩት ነው።

ስሕተቱ የኔ ነው፤ አልክድም። አጎቴ “እንዲህ ያለ ነገር በቆርቆሮ ካልተሸፈነ አየር ላይ ያለውን ጣቢያ ሁሉ ይለቅማል” ይለኝ ነበር። ቤት ውስጥ የነበረን አንድ የወተት ጣሳ ነው፤ እሱም እናቴ ተልባ የምትሰፍርበት ነው።

“መስፈሪያ አይቆረጥም” አለች። “ገበያተኛው ጣሳዬን ያውቃታል። ነገ በሌላ ጣሳ ብቀርብ አጭበርባሪ ልባል ነው?”

እውነቷን ነው። ጣሳ ሲለወጥ ሰውም ይለወጣል ብለው የሚጠረጥሩ ሰዎች ነን። እናም ሳጥኗን ከሻይ ቅጠል ማሸጊያ ጣውላ ሠራኋት፤ ምን ይመጣል ብዬ።

የሞከርናት ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ጭጋጉ ከወደ ቡይት ራስ ተራራ ወርዶ አዳራሹ በር ድረስ ደርሷል። ጄኔሬተሩ ተነሣ። የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ እንዲሁ መታ፤ የምናውቀው ጊታር ነው። ከዚያ ረገጣት። ድምፁ ወፈረ፣ ሻከረ፣ ግድግዳው ነዘረ። ከበሮ መቺው “ወይ ጉድ፣ ጅብ አስገባህብን” አለ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። በዚያ ዓመት ስስቅ የማስታውሰው ያን ቀን ብቻ ነው።

የአክስቴ ልጅ መምታቱን አቆመ፤ እግሩን ግን አላነሣም። በዝምታው ውስጥ የሰው ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ቀጭን ነበር፣ ከዚያ ጠራ። አንድ ወንድ ዜና ያነባል። የማን ጣቢያ እንደሆነ ሁላችንም አወቅን። ጫካ የገቡት ሰዎች ጣቢያ ነው፤ ሰው ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚሰማው፣ በመስማቱም የሚወሰድበት። አሁን በቀበሌው ማጉያ ይናገራል። ማጉያው ደግሞ አዋጅ የሚነገርበትን፣ ጣራ ላይ የተሰቀለውን የድምፅ ቀንድም አብሮ ያስጮኻል። ድምፁ ወደ ሽሬ በሚሄደው መንገድ ላይ፣ ገበያው ሜዳ ላይ ወጣ።

ሮጬ ገመዱን ነቀልኩ። ምናልባት ሦስት ዓረፍተ ነገር አንብቦ ይሆናል። ገመዱን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

የቀበሌው ካድሬ ከአንድ የአብዮት ጥበቃ ጋር ገባ። አልጮኸም። “ማነው ጣቢያውን የከፈተው?” አለ።

የአክስቴ ልጅ እግር ገና ሳጥኗ ላይ ነበር። ቀስ አድርጎ አነሣው።

“የሷ ናት” አለ፣ በጣቱ እያሳየኝ። “ዛሬ ነው ያመጣቻት። ከምን እንደሠራቻት አላውቅም።”

“አንተስ ምን ልታደርግ ረገጥካት?”

“እግሬ ሳላውቅ ነክቷት ነው፣ ጓድ።”

የሳቁት ሁሉ ወለል ወለሉን ያያሉ።

ቀበሌው እህል ያከማችበት በነበረ ክፍል ዘጉብኝ። ሦስት ሌሊት ጆንያ ላይ ተኛሁ። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ለኔ የመጣ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ክረምት በመኪና የተወሰደ ሰው ሲመለስ አላየሁም። ስለ ሳጥኗ ምን ብዬ እንደማስረዳ አሰብኩ፤ ባሰብኩት ቁጥር ነገሩ ባሰብኝ። ዳግም ብትናገር ጣቢያ ናት ይላሉ። ዝም ብትል ደብቃለች፣ አበላሽታለች ይላሉ። የሚያድነኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጊታር ተሰክቶ ለምን እንደተሠራች በጆሯቸው ቢሰሙ። ለዚህ ደግሞ የአክስቴ ልጅ አለ ብዬ ተጽናናሁ። አንዴ ደንግጦ ነው፣ አሁን ልብ ገዝቷል ብዬ። ይህን ማሰቤ ከሁሉ በላይ ያናድደኛል።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አዳራሹ ውስጥ አቆሙኝ። ሳጥኗ ጠረጴዛ ላይ ናት። ካድሬው “ይህቺ ነገር ወደ ጫካ ትናገራለች ወይስ መስማት ብቻ ነው?” አለኝ።

“ለጊታር የተሠራች ናት፣ ጓድ። ጊታር ይሰካላትና ይስሙ።”

የአክስቴን ልጅ ጠሩት። ጊታሩን አንግቶ መጣ። ገጹን አየሁት፤ እሱ አላየኝም።

“ምታበት” አለው ካድሬው።

“እኔ በዚህ ዕቃ መምታት አላውቅም፣ ጓድ” አለ። “ለጊታርም የሚሆን አይመስለኝም።”

የመጀመሪያውን ፍርሃት ነው ልበል። ይኸኛው ግን ሦስት ቀን ታስቦበት የመጣ ነው። ጊታሩ አንገቱ ላይ ነበር። አንዴ ቢመታ ይበቃኝ ነበር።

“ለኔ ይስጠኝ” አልኩ።

ጄኔሬተሩን አስነሡ፤ ሳጥኗን ወለሉ ላይ አውርጄ ጊታሩንና ማጉያውን ሰካሁባት። ጊታር ይዤ አላውቅም። እንደ ማሲንቆ አንዱን ክር ብቻ ይዤ፣ በየስብሰባው መክፈቻ የምንዘምረውን መዝሙር ዜማ ፈለግሁ። መጀመሪያ ሳትኩ፤ ከዚያ አገኘሁት። ሳጥኗን ረገጥኩ፣ ድምፁ ሻከረ። ጥበቃው “ጥጃዋ የሞተባት ላም” አለና ሳቀ። ካድሬው አልሳቀም።

“ተያት” አለ። እግሬን አነሣሁ፤ ድምፁ ጠራ። “ርገጪያት።” ረገጥኩ። “ተያት።” አነሣሁ። “አሁን ረግጠሽ ቆዪ።”

ረግጬ ቆየሁ። ጠዋት ያ ጣቢያ እንደማይደርስ አላውቅም ነበር። የማውቀው ክሩ ዝም ካለ ሰውየው ሊናገር እንደሚችል ነው። ስለዚህ ክሩን ዝም አላስባልኩም። መዝሙሩ አለቀ፣ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሲያልቅ ደግሞ ጀመርኩ። ጣቴ ተላጠ፤ ክሩ በደም ራሰ። ካድሬው ሰዓቱን እያየ፣ እኔ እሱን እያየሁ፣ ስንት ጊዜ እንደደገምኩት አላውቅም።

“ይኸው ነው?” አለ በመጨረሻ።

መጀመሪያ እግሬን አነሣሁ። ከዚያ እጄን። “ይኸው ነው፣ ጓድ።”

ሳጥኗን በጫማው ሰበራት። “ልብስሽን ስፊ” አለኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ሰኞ ሰኞ ቀበሌ እየሄድኩ እፈርም ነበር። የአክስቴ ልጅ ለአብዮት በዓል ጎንደር ወርዶ ጊታር መታ።

ፊርማው ሲያበቃ ዳባት ወርጄ የአጎቴን ቤት ከፍቼ ራዲዮ መጠገን ጀመርኩ። ከዓመታት በኋላ፣ በቅበላ ሰሞን፣ የአክስቴ ልጅ በባዶ እግሩ፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሁለት ሽማግሌና አንድ ቄስ አስከትሎ በሬ ላይ ተንበረከከ። እናቱ ታማ ነበርና ሳንታረቅ መሞት ስላልፈለገች ነው አሉ።

“ልጄ፣ ድንጋዩ ከብዶታል” አሉኝ ቄሱ።

“ያውርደው፣ አባ። እኔ አላሸከምኩትም።”

ድንጋዩን አወረደ። ይቅር ለእግዚአብሔር አላልኩም። ለሽማግሌዎቹና ለቄሱ ጠላ ቀዳሁ፣ ለሱ አልቀዳሁም። ጠጥተው ሄዱ። አክስቴ በዚያው ወር ሞተች። ቀብሯ ላይ ተገኘሁ፤ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ቀብሬ፣ እሱን ሳልጨብጥ በእግሬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።