ፊትና ጀርባ የሌለው ነጠላ

ለደብረ ታቦር ከተማና ለአካባቢዋ ሰፊ ሕዝብ በሙሉ፦ ሹመት ያልጎበኘው፣ ማኅተም የሌለው፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ የሚውል አስናቀ የሚባል ሸማኔ በመካከላችሁ መኖሩ ከዛሬ ጀምሮ በይፋ ይታወቅ። እስካሁን አታውቁትም ማለት አይደለም፤ በሥራ ቀን «ቁጢት በጣሽ» እያላችሁ ስትሰድቡት፣ እሑድ እሑድ የእጁን ሥራ ለብሳችሁ ስታስቀድሱ ኖራችኋል።

አስናቀ በአንድ ነገር ይታወቃል። የሌላው ሸማኔ ጥለት ከፊቱ ያበራል፤ ገልበጥ ሲያደርጉት ክሩ እንዳልተበጠረ ጸጉር ተንጨባሯል። የእሱ ግን በየትም ቢገለብጡት አንድ ነው። ገበያተኛው ይህን «ሁለት ፊት» ይለዋል። ለጨርቅ ሲባል ሙገሳ ነው፣ ዋጋ ያስጨምራል። ለሰው ሲባል ያው ታውቁታላችሁ፤ አገሩ በዚህ ዓይነቱ አልተቸገረም።

አምና ሐምሌ ላይ ጥሩነሽ ከገሳይ መጣች። ልጇ እመቤት ዐረብ አገር ከሄደች ሦስት ዓመቷ፣ ስልኳ ከተዘጋ ደግሞ ዘጠኝ ወሩ። ጎረቤቱ የጥሩነሽን ነጠላ እያየ ይፈርዳል። ጥለቱን ወደ ታች ጥላ እንደ ደኅና ሰው ስትለብስ «አንጀት የላት» ይላታል፤ እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ጥለቱን ወደ አንገቷ ብታወጣው «በቁሟ ቀበረቻት» ሊላት ነው። የእድሩ ዳኛ ይሻውማ፣ ቁርጡን ትንገረንና ድንኳን እንትከል ብሎ ነበር፤ ንፍሮ የናፈቀው ይመስል።

«አያ አስናቀ፣ ለቡሄ የምለብሰው ይሥሩልኝ» አለችው። «እንዴትም ብለብሰው ሐዘን ይሁን በዓል የማይለይ። ልጄን በነጠላዬ አልቀብራትም።»

አስናቀ መወርወሪያውን አስቀመጠ። አርባ ዓመት ሙሉ የሠራው ልብስ ሁሉ የለባሹን ነገር የሚናገር ነው፤ ሠርገኛው ሠርገኛ፣ ሐዘንተኛው ሐዘንተኛ መስሎ የሚታይበት። አፍ የሌለው ነጠላ መሥራት ማታለል መሰለው። ሁለት ቀን ድሩን እየነካካ ተወው። በሦስተኛው ቀን፣ እውነቱን የማታውቅ ሴት ምን ብላ ትዋሻለች ሲል አሰበና ጥለቱን በአራቱም ዳር አዞረው፤ አንገቷም ሥር እግሯም ዘንድ እኩል እንዲውል።

ነሐሴ ዐሥራ ሦስት ቀን፣ የገሳይ ሰው ለቡሄ ወደ ደብረ ታቦር ሲመጣ፣ እሷም ለብሳው አስቀደሰች። ምእመኑ ቅዳሴውን ትቶ ጥለት ማንበብ ያዘ። ከላይ ሲያዩት ሐዘን፣ ከታች ሲያዩት በዓል። ይሻው አላስቻለውም፤ ሲወጡ ጠጋ ብሎ ጫፉን ገለበጠው። ያው ነው። አስናቀን በዐይኑ ፈልጎ፣ ለመሆኑ ፊቱ የትኛው ነው ብሎ ጠየቀው።

«የጥሩነሽ ስልክ ሲጮህ እሷው ትነግርሃለች» አለው አስናቀ።

ስልኩ እስካሁን አልጮኸም። ጥሩነሽ በነጠላው ጫፍ ቋጥራው ትዞራለች፤ ገበያም፣ ለቅሶም፣ ሠርግም። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በገሳይ በኩል ስታልፍ ይህችን ሴት ካገኘሃት አንድ ነገር ልለምንህ፤ ዐይንህን ከጥለቱ ላይ አንሣና ፊቷን አይተህ ሰላም በላት።