ባዶውንም ይንቀጠቀጥ ነበር

ባለፈው እሑድ ቤታችን ልብስ ይታጠብ ነበር። የማጠቢያ ማሽኑ ውሃውን ለመጭመቅ መሽከርከር ሲጀምር መንቀጥቀጥ ያዘው፤ ከቆመበትም እየተንፏቀቀ ወደ በሩ መጣ። ባለቤቴ ሮጣ አጠፋችውና ወደ ልጃችን ዞራ፣ «አብዝተሽ ሞልተሽው ነው!» አለቻት። ልጅቷ «ኧረ እማዬ፣ አልሞላሁትም» ብላ ተከራከረች። ነገሩ በሳቅ አለቀ። እኔ ግን ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ያቺን ቃል ከዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት በፊት እኔም ተናግሬያት ነበር፤ በእኔ አፍ ግን በሳቅ አላለቀችም።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። በመካኒክነት ተመርቄ ዳንግላ ወላጆቼ ቤት ሥራ ስጠብቅ፣ አቶ ፈንታሁን የሚባሉ ሰው እንጅባራ ላይ ከድንች ስታርች የሚያወጣ ትንሽ ድርጅት ከፍተው ባለሙያ እንደሚፈልጉ ሰማሁ። እናቴ እንጅባራን እስከ ዕለተ ሞቷ በድሮ ስሟ ቆሰበር ነበር የምትላት። «ቆሰበር ብርዱ አጥንት ይገባል» ብላ የአባቴን ካፖርት አልብሳ ሸኘችኝ። እውነቷን ነበር። ሐምሌ ነው፤ ጉሙ እስከ ረፋድ ከመንገድ አይነሳም፤ ድንች የጫኑ ፈረሶች ከጉሙ ውስጥ ብቅ የሚሉት አጠገባችን ከደረሱ በኋላ ነው።

ሥራው እንዲህ ነበር። ድንቹ ታጥቦ ይፈጫል፤ በውሃ ይበጠበጥና በወንፊት ይጠለላል። ከወንፊቱ በታች የሚወርደው እንደ ቀጭን አጥሚት ያለ ነጭ ውሃ ነው፤ ስታርቹ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ያንን በየበርሜሉ ሞልተው እስኪዘቅጥ ይጠብቁታል። በክረምት ግን ዝቃጩ ቶሎ አይደርቅም፤ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ ይኮመጥጣል። ግቢው ሁሉ እርሾ እርሾ ይሸት ነበር።

አቶ ፈንታሁን የሚፈልጉት ውሃውን ከስታርቹ ቶሎ የሚለይ ማሽን ነው። ቦታ ግን የላቸውም። የክፍሉን አንድ ጥግ በእጃቸው አሳዩኝና፣ «ከዚህች ካለፈ በሩ አይዘጋልኝም» አሉ።

«ከዚህችም ያነሰ እሠራልዎታለሁ» አልኳቸው። የወጣት አፍ!

ሐሳቡ ቀላል ነው። ዙሪያውን የተበሳሳ የብረት በርሜል፣ ውስጡ ጨርቅ፣ በሞተር በኃይል የሚሽከረከር። ውሃው በቀዳዳዎቹ እየተፈናጠረ ይወጣል፣ ስታርቹ ጨርቁ ላይ ይቀራል። በርሜሉን የሚያዞረው ዘንግ በሁለት ኩሽኔታ ይያዛል። ሁለቱ ኩሽኔታዎች ተራርቀው፣ ዘንጉም ወፈር ብሎ መሠራት እንደነበረበት መጽሐፉ ይላል፤ እኔም አውቃለሁ። ግን እንደዚያ ከሆነ ማሽኑ ይረዝማል፣ ጥጓም አትበቃውም። ስለዚህ ኩሽኔታዎቹን በአንድ ስንዝር አቀራረብኳቸው፣ ዘንጉን አቀጠንኩት። ማሽኑ ትንሽዬ፣ የሚያምር ነገር ሆነ። ያየው ሁሉ «ይቺ ናት?» ይል ነበር፤ እኔም እኮራ ነበር።

እንድታሠራው የተመደበችው ስንዱ ነበረች። ስንዱ እላለሁ እንጂ፣ ዛሬ ስጽፍ ወይዘሮ ስንዱ ማለት ይገባኛል፤ የእናቴ ታናሽ ሊሆኑ የሚችሉ ሴት ነበሩ። ያኔ ግን ዲፕሎማዬ ገና ትኩስ ስለነበር «አንቺ» ነበር የምላቸው። የፋግታ ሰው ናቸው። ከሌሎቹ ሴት ሠራተኞች ጋር በአዊኛ ያወራሉ፣ ለእኔ ሲሆን አማርኛቸውን ቀስ አድርገው ይመርጣሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ሲበሉ፣ ትልቁን ልጠው ሳልጠይቃቸው ያቀብሉኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የቢሮዬን በር አንኳኩ።

«ልጄ፣ ይቺ ነገር ትንቀጠቀጣለች።»

«እኩል ስለማትሞይው ነው። ዙሪያውን አመጣጥኝው።»

«ባዶዋንም አዞርኳት፤ ባዶዋንም ትንቀጠቀጣለች። እጄን ብረቷ ላይ አድርጌ አየሁት።»

 ከሄዱ በኋላ ዘንጉን ፈትቼ በመስኮት መስታወት ላይ አንከባለልኩት። በአንድ በኩል ከሥሩ ብርሃን ሾለከ። ጎብጧል። ገና በሦስት ቀኑ ጎብጧል።

አዲስ ዘንግ ለማስወጣት ዳንግላ ቶርኖ ቤት መሄድ፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ከባሕር ዳር ስታርቹን ሊገዙ ያሰቡ ነጋዴዎች ሊጎበኙ ይመጣሉ፤ አቶ ፈንታሁን በግ ገዝተዋል። «ተሳስቻለሁ፣ ይቆየን» ማለት አቃተኝ። ዘንጉን መልሼ አሰርኩት። ለወይዘሮ ስንዱም «አስተካክዬዋለሁ» አልኳቸው።

እንግዶቹ የመጡት ረፋድ ላይ ነው። ዝናብ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው እየጮህኩ አስረዳኋቸው። ወይዘሮ ስንዱ ነጩን ውሃ በጣሳ እየለኩ፣ ዙሪያውን እያመጣጠኑ፣ ከወትሮው ሁሉ ተጠንቅቀው ጨመሩ። እጃቸውን አይቻለሁ። ሞተሩ ተነሳ፤ ውሃው ተፈናጥሮ መውጣት ሲጀምር እንግዶቹ አጨበጨቡ። ከዚያ ማሽኑ መሬቱን መደለቅ ጀመረ። «አጥፊው!» ብዬ ጮህኩ። እሳቸው ማጥፊያውን ሲነኩና ዘንጉ ሲሰበር አንድ ሆነ። በርሜሉ ተነቅሎ ግድግዳውን መታ፤ ጠርዙ ሲያልፍ የወይዘሮ ስንዱን ክንድ ቀደደው። ሁላችንም ነጭ በነጭ ሆንን። በዚያ ነጭ ላይ ደማቸው ሲንጠባጠብ በጣም ቀይ ነበር።

አቶ ፈንታሁን መጀመሪያ እሳቸውን አዩ፤ ቀጥለው እንግዶቹን፤ ከዚያ እኔን።

«ምንድን ነው የሆነው?»

ለማሰብ ጊዜ አልወሰደብኝም። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ፍጥነቴ ነው። «ሚዛን ሳትጠብቅ ሞልታው ነው» አልኩ።

ወይዘሮ ስንዱ ክንዳቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ቆመዋል። «ጌታዬ፣ ባዶውንም ይንቀጠቀጥ ነበር። ነግሬዋለሁ» አሉ፤ በቀስታ፣ ቃላቸውን እየመረጡ።

አቶ ፈንታሁን ወደ እኔ ዞሩ። «ነግራሃለች?»

«አልነገረችኝም» አልኩ።

 ወይዘሮ ስንዱ አልሰደቡኝም። አንዷ ሴት ደግፋቸው ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ በአዊኛ አንድ ነገር አለቻቸው፤ እሳቸው ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። በዚያው ሳምንት ከሥራ ተሰናበቱ።

እኔ ዳንግላ ሄጄ ወፍራም ዘንግ አስወጣሁ። ኩሽኔታዎቹን አራራቅኳቸው፤ ማሽኑ ከጥጓ አለፈ፤ አቶ ፈንታሁንም ምንም ሳይሉ በሩን ወደ ውጭ እንዲከፈት አዞሩት። ለካ ይኼን ያህል ቀላል ኖሯል። ማሽኑ ለዓመታት ያለ እንከን ሠራ። አቶ ፈንታሁን ለመጣ እንግዳ ሁሉ፣ «ማሽን አያጠፋም፣ የሚያጠፋው ሰው ነው» ይሉ ነበር፤ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ። ስሜ ወጣ፣ ከሌላም ቦታ ሥራ መጣልኝ። ቤቴን የሠራሁት በዚያ ስም ነው።

ከስድስት ዓመት በኋላ ወይዘሮ ስንዱን አዲስ ቅዳም ገበያ ላይ አገኘኋቸው። ከከሰል ጆንያዎች መሐል ተቀምጠዋል። እጅጌያቸው ሲሰበሰብ ጠባሳው እስከ ክርናቸው ድረስ ይታያል። ልሸሽ ነበር፤ እሳቸው ቀድመው አዩኝ።

«ኢንጂነር! ደህና ነህ ልጄ?»

ቁጭ አልኩ። «እትዬ ስንዱ፣ ያን ጊዜ ጥፋቱ የእርስዎ አልነበረም። ዘንጉ ነው፤ ጎብጦ ነበር፤ አውቅ ነበር» አልኩ፣ ሳልተነፍስ።

«አውቃለሁ እኮ» አሉ። «ዘንጉን ያወጣልህ የቶርኖው ሰው ያገሬ ልጅ ነው። ለምን እንዳስወፈርከው ነግሮኛል።»

«ታዲያ ለምን ሄደው ለአቶ ፈንታሁን አልነገሯቸውም?»

«አንድ ጊዜ ነግሬያቸው የለ?»

ይቅርታ ስጠይቃቸው እንደማይሰማ ሰው ጆንያቸውን አስተካከሉ። ከዚያ፣ «እኔን ምን ትለምነኛለህ? እኔ እውነቱን አውቀዋለሁ። ለማያውቁት ንገር» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ሥራ የሚያሳዩኝ ይመስል ነበር። ሌላ ገዢ መጣና ዞር አሉ።

እንጅባራ ከዚያ ሩቅ አይደለም። በዚያው ቀን በሚኒባስ መሄድ እችል ነበር። ለመጪው ቅዳሜ አልኩ፣ ለፋሲካ አልኩ፣ አቶ ፈንታሁን ታመዋል ሲባል ደግሞ በሽተኛ ማስጨነቅ አይገባም አልኩ። ቀብራቸው ላይ ከፊት ሆነው አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ። እሳቸው እንዳመኑኝ ተቀበሩ። ወይዘሮ ስንዱም ዛሬ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም፤ ጠይቄ ማወቅ እንደምችል ግን አውቃለሁ።

እሑድ ዕለት ከጓሮ ስመለስ ባለቤቴ «ምን ሆንክ?» አለችኝ። ያን ምሽት ለእሷና ለልጄ ከመጀመሪያው አንስቼ ነገርኳቸው። ልጄ ዝም ብላ ስትሰማ ቆይታ፣ «ከዚያስ ሥራቸውን መለሱላቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አልመለሱላቸውም» አልኳት። ፊቷን አዞረችብኝ። ይገባኛል። ከነገርኳቸው ሰዎች የመጀመሪያዎቹ እነሱ ናቸው፣ ቀጥሎ ይህን የምታነቡ ናችሁ። ወይዘሮ ስንዱ በርሜሉን በጣሳ ለክተው፣ ዙሪያውን አመጣጥነው ነው የሞሉት። የተሰበረው ዘንጉ ነው። ዘንጉን ያቀጠንኩት እኔ ነኝ፣ መጉበጡን ያየሁት እኔ ነኝ፣ ነግረውኝም ነበር።