ሁለተኛው ሌባ

በአምቦው የኪነት ቡድን ውስጥ በቆየሁባቸው ዓመታት አንድም ቀን ዋናውን ሌባ ሆኜ አላውቅም። ዋናው ሌባ ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ አዳራሽ የሚሞላ መሆን ነበረበት፤ ያ ቦታ ደግሞ ሁልጊዜ የአንድ የስፖርት መምህር ነበር። እኔ ሁለተኛው ሌባ ነበርኩ። በር ላይ የምቆመው፣ ጆንያ የምሸከመው፣ ፖሊስ ሲመጣ የማፏጨው፣ ከዚያም ከሁሉ ቀድሜ የምያዘው። በሥራ ቀን በእርሻ ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ቅዳሜና እሁድ ወንጀለኛ። አዘጋጃችን የአማርኛ አስተማሪ ነበር። ለምን ትልቅ ቦታ እንደማይሰጠኝ አንድ ጊዜ ደፍሬ ብጠይቀው ትንሽ አየኝና፣ «ያንተ ፊት እኮ በር ላይ የሚቆም ሰው ፊት ነው» አለኝ። አልተቀየምኩም። ቤቴ ገብቼ መስታወት አየሁና እውነቱን ነው አልኩ።

አባቴ ጊንጪ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበር። የወንጌል አማኝና የጸሎት ቤት ሽማግሌ ነው፤ ጸሎት ቤቱ በተዘጋበት ዘመን እንኳ ሰው ችግሩን ይዞ ወደ እሱ መምጣቱን አላቋረጠም። ትያትር አይወድም። ተው ብሎኝ አያውቅም፤ ግን ጊንጪ በሄድኩ ቁጥር፣ «እህ፣ በዚህ ሳምንት ደግሞ የማንን ሰረቅህ?» ይለኛል። ከቀልዱ ሥር ቅሬታ እንዳለ አውቅ ነበር።

ያን ዓመት ይዘነው የዞርነው ድራማ ስለ አንድ የእህል መጋዘን ዝርፊያ ነው። ሁለት ሌቦች በጭነት መኪና መጥተው መጋዘኑን ይሰብራሉ፤ ዘበኛው ይነቃል፤ ዋናው ሌባ በብረት ይመታዋል። ዘበኛው ሲወድቅ እኔ «ሞተ! ሞተ!» እያልኩ ከመድረኩ እሮጣለሁ። ሕዝቡ የሚስቀው እዚህ ላይ ነው። አሯሯጤ ያስቃል፤ በዚያ ላይ አንድ ጫማዬ መድረክ ላይ እንዲቀር አድርጌ ነበር የምሮጠው። ያቺን የጫማ ነገር ራሴ ነኝ የፈጠርኳት፤ እንጭኒ ላይ ሰው ወንበር እስኪደበድብ ስቆ ስለነበር በጣም እኮራባት ነበር።

ጊንጪ ላይ በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ አሳየን። ሲያልቅ ልብሴን ቀይሬ ስወጣ አንድ ሽማግሌ በሩ አጠገብ ቆሞ ይጠብቀኛል። በመልክ አውቀዋለሁ። ገበያው ጥግ ተቀምጦ ገመድ እየገመደ የሚሸጥ፣ ዋጋ ከመናገር በቀር ከሰው ጋር ብዙ የማያወራ ሰው ነው።

«አካም ጅርታ፣ ኢልማ ኮ» አለኝ በኦሮምኛ፤ ደህና ነህ ወይ ልጄ ማለቱ ነው። ሰላምታውን እንደመለስኩለት በአማርኛ ቀጠለ። «ዘበኛው ሲወድቅ ለምንድነው የምትሮጠው?»

«ጽሑፉ ሩጥ ስለሚል ነው፣ ኦቦ።»

«ጽሑፉን የጻፈው ሰው እዚያ አልነበረም።»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

«እኔ ነበርኩ» አለኝ።

ከአዳራሹ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። በጃንሆይ ጊዜ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ሾፌሩ ባኮ አጠገብ አንድ የቡና መጋዘን እንስረቅ አለው፤ የእሱ ሥራ በር ላይ መቆም ብቻ እንደሆነ ነገረው። ዘበኛው ሲነቃ ሾፌሩ በመኪናው ብረት መታው። ሾፌሩ ሮጠ፤ ኋላ ተይዞ እስር ቤት ሞተ። እሱ ግን እዚያው ተያዘ። ፍርዱን ጨርሶ ሲወጣ ወደ አገሩ መመለስ አፈረና የሚያውቀው ሰው በሌለበት ጊንጪ ተቀመጠ።

«እግሬ እምቢ አለኝ» አለ። «አንተ ስትሮጥ ሰው ሳቀ። እኔም ከሰው ጋር ልስቅ ፈልጌ ነበር፤ አቃተኝ።»

ያን ቀን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በጫማዬ አፈርኩ። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት እጁን አወዛወዘ፤ የመጣው ለዚያ አልነበረም።

«ቀጥሎ ባኮ ናችሁ አሉ።»

«አዎ፣ በሚመጣው ሳምንት።»

«የሟቹ ሚስት አሁንም እዚያ ናት። ብዙ ጊዜ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ብቻዬን አልችልም። መኪናችሁ ላይ ጫነኝ።»

እሺ አልኩት። ምን እያልኩ እንደሆነ ግን አላወቅኩም ነበር። ሲመሽ ለአባቴ ነገርኩት። መርፌ እየቀቀለ ነበር፤ ክዳኑን መልሶ ገጠመ።

«ያን ሰው እጁን ገመድ ቆርጦት አክሜዋለሁ» አለ። «ስሰፋለት እህ እንኳ አላለም። ደግሞ እንዲሁ ብድግ ብሎ አይኬድም። ደም ያለበት ሰው ያለ ሽማግሌ የሟች ደጅ አይቆምም።»

አባቴ የሚያወራው ስለ ጉማ ነበር፤ በእኛ አገር የገዳይና የሟች ቤተሰብ በሽማግሌ ፊት የሚታረቁበት ወግ ነው።

«ታዲያ ማን ይሂድለት?» አልኩት።

«ማን ይሄዳል? እኔ ነኛ።»

በዚህ ሁኔታ ትያትር የማይወደው አባቴ በኪነት ቡድኑ የጭነት መኪና ተሳፈረ። ሁለቱ በዋዜማው አምቦ መጥተው እኔ ዘንድ አድረው ነበር። ጠዋት ጓደኞቼ ለአባቴ የልብስ ሣጥኑን ጋቢ አልብሰው ወንበር አደረጉለት። ትንሽ እንደተጓዝን፣ «እዚህ ውስጥ ምንድነው ያለው?» አለኝ። የፖሊስ ዩኒፎርምና ሁለት የእንጨት ጠመንጃ ነው አልኩት። «ጥሩ፤ እንግዲህ ተጠብቀን ነው የምንሄደው» አለ። የስፖርት መምህሩ ሳቀ። ገመድ ሻጩ ከጎኑ ተቀምጦ መንገዱን እንጂ ማንንም አያይም። ቆላው እየቀረበ፣ ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ኮቱን አውልቆ አጣጥፎ ጭኑ ላይ አስቀመጠ፤ ባኮ ስንደርስ መልሶ ለበሰውና እስከ አንገቱ ቆለፈው።

የሴትዮዋ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ ከበቆሎ ማሳ ወዲያ ነበር። አባቴ የእርቅ ልመና ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ነጭቶ በእጁ ያዘና ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ተጣራ። ጠና ያለች፣ ጎንበስ የማትል ሴት ወጣች። አባቴ ማንን ይዞ እንደመጣና ለምን እንደመጣ በኦሮምኛ ቀስ አድርጎ ነገራት። ገመድ ሻጩን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። እሱ መሬት መሬት ያያል።

«ይሂድልኝ» አለች። ገብታ በሯን ዘጋች።

እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አባቴ ግን ከአጥሩ አጠገብ ያለ ዛፍ ሥር ተቀመጠ፤ ሰውየውም ከጎኑ።

«አባዬ፣ እምቢ አለች እኮ።»

«በመጀመሪያው ቀን እሺ የምትል ማን አለች? አንተ ሂድ ሥራህን ሥራ። እኛ እዚሁ ነን።»

ከሰዓት በኋላ ድራማው ሲጀመር አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። መስኮት ላይ ሳይቀር ሰው ተንጠልጥሏል። የእኔ ሐሳብ ግን ዛፉ ሥር ነው። ዋናው ሌባ መታ፤ ዘበኛው ወደቀ። እኔ «ሞተ!» አልኩ፤ መሮጥ ግን አልቻልኩም። አስቤበት አልነበረም። ቆሜ ቀረሁ። ሕዝቡ አሯሯጤን ሲጠብቅ ቆየና ቀስ በቀስ ዝም አለ። ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ወድቆ ከተኛው ዘበኛ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። ሟች የሆነው ልጅ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ «ምን ነካህ? ሂድ እንጂ!» ይለኛል። እጄን ደረቱ ላይ አደረግኩ። ከፊት ወንበር አንዲት ሴት «እእ…» ስትል ሰማሁ። ፖሊሶቹ መግቢያቸው ሳይደርስ ሮጠው ገቡና እዚያው ያዙኝ።

መጋረጃው እንደወረደ ከእኛ ጋር የሚዞረው ካድሬ መጣ።

«ጓድ፣ ሌባው ለምን አልሮጠም?»

«እግሬ እምቢ አለኝ።»

«ሕዝቡ አዝኗል። ለማነው ያዘነው? ለዘበኛው ነው ለሌባው?»

«እኔም አላውቅም፣ ጓድ።»

«ችግሩ እሱ ነው! እንዲያውቅ ነው የምናሳየው!»

አዘጋጁ ካድሬው እስኪርቅ ጠብቆ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «በጣም ጥሩ ነበር» አለኝ። «ሁለተኛ እንዳትደግማት።»

ወደ ሴትዮዋ ቤት ስመለስ ሁለቱ እንደተቀመጡ ናቸው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አባቴ የሚያውቃቸው አማኞች ቤት አሳደሯቸው፤ ጠዋት ደግሞ መኪናችን ከመነሳቱ በፊት ሦስታችንም እዚያው አጥር ሥር ነበርን። በዚህ ጊዜ በሩ ክፍት ነበር። ሴትዮዋ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። አባቴ ሣሩን ይዞ ከመናገሩ በፊት እሷ ቀደመች፤ ቀጥታ ሰውየውን ጠየቀችው።

«ባሌ መጨረሻ ላይ ምን አለ?»

ሰውየው ኮፍያውን አወለቀ።

«‹ውሃ› አለ» አላት።

«አንተስ?»

«ከመኪናው ጀሪካን ነበር፣ ለራዲያተር የምንይዘው። አምጥቼ አጠጣሁት። ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ። ሁለት ጊዜ ጠጣ። ከዚያ የአንቺን ስም ጠራ፤ ያኔ የማን ስም እንደሆነ አላወቅኩም። ፍርድ ቤት አንቺን ሲጠሩሽ ነው ያወቅኩት።»

«ለምን ያኔ አልተናገርክም?»

«ማንም አልጠየቀኝም። እኔም ለራሴ ብዬ የምናገር እንዳይመስልብኝ ፈራሁ።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። አባቴ ወደ በቆሎው እንዳይ በዓይኑ ስላዘዘኝ ፊቴን አዞርኩ። ከጀርባዬ ድምፅዋን ሰማሁ።

«ብቻውን የሞተ ይመስለኝ ነበር» አለች። «ይሄን ሁሉ ዓመት ብቻውን እንደ ሞተ ነው የማስበው።» ቀጥላ፣ «ምሬሃለሁ አልልህም። ወንድሞቹ አሉ፤ እነሱ ሳይሰሙ ምንም አልልም። መኸር ሲገባ ተመለሱ» አለች። ከዚያ ተነስታ ከበሩ ዞር አለችና፣ «ሴና» አለችን፤ ግቡ። ገባን። እርጎ ሰጠችን። ሰውየው ዋንጫውን በሁለት እጁ ይዞ ሳይጠጣ ብዙ ቆየ፤ እሷ፣ «ጠጣ እንጂ» ስትለው ነው አንዴ የተጎነጨው።

በመኸሩ አባቴ ሰውየውን ይዞ፣ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችንም ጨምሮ ተመለሰ። እኔ አልነበርኩም፤ መሥሪያ ቤቴ ለሥራ ወደ ገጠር ልኮኝ ነበር። የሟቹ ወንድሞች ሦስት ቀን ከተከራከሩ በኋላ ከገመድ ሻጩ ጋር እጅ ለእጅ መያያዛቸውን ከአባቴ ሰማሁ። በጉማው ወግ በግ ሲታረድና ደም ሲነካካ አባቴ እንደ ሃይማኖቱ ፈቀቅ ብሎ ቆሟል፤ ሲበላ ግን ቀርቧል።

የሁለተኛው ሌባ ቦታ ከባኮ መልስ ለሌላ ልጅ ተሰጠች። በደንብ የሚሮጥ ልጅ ነበር። እኔ በዚያው ድራማ መጨረሻ ላይ ክሱን የሚያነበው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆንኩ፤ አምስት መስመር ነበረችኝ፤ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ ከባድ አይደለችም። በቀጣዩ ዓመት የበቆሎ እሸት ሲደርስ ጊንጪ ነበርኩ። ከባኮ የመጣ አውቶቡስ አንድ ጆንያ አወረደና ረዳቱ፣ «ለገመድ ሻጩ፤ የላኩት እማማ ናቸው» ብሎ ሄደ። ሰውየው ጆንያውን ተሸክሞ በቀጥታ አባቴ ቤት መጣ። ከሰል አቀጣጠልን። አባቴ እሸቱን እያገላበጠ፣ ዞር ሳይልብኝ፣ «ያን ቀን፣ መድረኩ ላይ፣ እጅህን ደረቱ ላይ አደረግህ አሉ» አለኝ።

«አዎ፣ አባዬ።»

«እህ» አለ፤ ከሁሉም ቀድሞ የበሰለውን እሸት አንስቶ ሰጠኝ።