በሚኒባሱ ጣሪያ ላይ የሰቀልነው ሶላር

ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ጋር ሐይቅ ዳር አሳ በዳጣ ልንበላ ወጥተን አንድ የፈረንጅ መኪና አየሁ። ውስጡ አልጋና ምድጃ አለው፤ ጣሪያው ላይ ሶላር ተደርድሮበታል። ሰው ከቦ ፎቶ ይነሳል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። «እማዬ፣ መኪናው ምን አደረገሽ?» ብላ ልጄ ሳቀችብኝ።

ከዓመታት በፊት እኔና ታላቅ ወንድሜ መልካሙ እንዲህ ያለ መኪና ሠርተን ነበር። መልካሙ መካኒክ ነው። እኩዮቹ በሞያሌ አድርገው ደቡብ አፍሪካ ሲገቡ የእሱም ልብ ሸፈተ። እናታችን አልቅሳም ጸልያም ያልመለሰችውን ልብ አንድ አሮጌ ሚኒባስ መለሰው። ወንበሩን ነቅሎ አልጋና ፍሪጅ አስገባበት፤ ቱሪስት ይዞ በየሐይቁ ዳር ሊያድርበት። «ይሄ ከሠራልኝ የትም አልሄድም» አላት። እማዬ እልልታዋን ስታቀልጠው ጎረቤት ደንግጦ መጣ።

ወሩ መስከረም ነበር፤ ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይዋ መክረር ጀምራለች። ጣሪያው ላይ ወጥተን እሱ ሶላሩን በብሎን ያስራል፣ እኔ ውኃ እንዳያስገባ ቀዳዳውን በሲሊከን እደፍናለሁ። ቆርቆሮው እጅ ይፈጃል። ፍሪጁ ሲነሳ መልካሙ እንደ ሕፃን ዘለለ። «ንኪው! ንኪው እስቲ!» እያለ እጄን ጎትቶ ከተተው። ፒያሳ ያለ አንድ የሆቴል ሥራ አስኪያጅ ሰኞ መጥቶ ሊያየውና ከወደደው እንግዶቹን ሊሰጠው ቃል ገብቶ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ይርጋለም ያለችው የአባታችን አክስት አረፈች ተባለ። አጎታችን ጋሽ ማቴዎስ የዕድሩን ጎረምሶች አስከትለው መጡ። ለለቅሶ መኪና የሚከለክል በእኛ ዘንድ ሰው አይባልም፤ መልካሙም አላንገራገረም። እሱ ውስጥ ገብቶ ለአሮጊቶቹ መቀመጫ ሲያመቻች የድንኳኑ ብረት ጣሪያው ላይ መወርወር ጀመረ። እየጮህኩ ወጣሁ።

«ጋሼ፣ በእግዚአብሔር! መስታወት ነው!»

«ጣሪያ የዕቃ ቦታ አይደለም እንዴ?» አሉኝ፣ ከልባቸው ገርሟቸው። ሶላሩ ሲሰነጠቅ ሁላችንም ሰማን። መልካሙ ወጥቶ ቀና ብሎ አየ። ጋሽ ማቴዎስ «ሰው ሞቶ ስለ መስታወት ይወራል? ነውር አይደለም?» ሲሉ አንገቱን ደፋ። ያን ሁሉ ብረት ስብርባሪው ላይ እንደጫነ ይርጋለም ድረስ ነዳ። ምነው አንዴ እንኳ በተሳደበ!

ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ጣሪያውን አየና «ስትጨርሱ ጥሩኝ» ብሎ ሄደ። ሌላ ሶላር ደግሞ ያኔ እንደ ልብ አይገኝም። ጥቅምት ሳይጋመስ መልካሙ ሞያሌ ገባ አሉን። እማዬ ዓይኑን እንደናፈቀች ሞተች፤ ወረቀት የለውምና ለቀብሯ እንኳ መምጣት አልቻለም።

ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ጋር ከሐይቅ ዳር ስመለስ ጋሽ ማቴዎስ ሊጠይቁኝ መጥተው ሳሎን ተቀምጠዋል። አርጅተዋል። ደግ ሰው ናቸው፤ ለቅሶ አያመልጣቸውም። ምሳ አቀረብኩላቸው። አንድ ሁለቴ ጎርሰው «እኔ እምልሽ፣ መልካሙ ምነው አገሩን እንዲህ ጠላ? እናቱን ሳይቀብር!» አሉኝ።

ሰው አክባሪ ሆኜ ማደጌን እንደዚያች ሰዓት ጠልቼው አላውቅም።

«ይብሉ እንጂ ጋሼ» አልኳቸው።