የፎሌ ቁጠባ

ከድንጋይ ካባው እስከ ታችኛው ፋብሪካ ድረስ ሾፌሩን "ፎሌ" ካላሉት ማንም አያውቀውም። ስሙን ያገኘው በገዛ ሥራው ነው። ቁልቁለት ሲያይ ማርሹን ፎሌ ያደርግና፣ ጎማውን ከሞተሩ አላቅቆ ቁልቁል መልቀቅ ነው። "በነጻ መውረድ እያለ ነዳጅ ምን አቃጠለኝ?" ይላል። ስለሚጨርሰው የፍሬን ሸራ ግን ትንፍሽ አይልም።

የሚሠራበት ድርጅት የኤሌክትሪክ ገልባጭ መኪና ሲያመጣ፣ በዕድሜ አንጋፋ ነውና የመጀመሪያው ቁልፍ ለእሱ ተሰጠ። በሥልጠናው ዕለት ከኋላ ተቀምጦ ጉራውን ሲቸረችር ዋናው ነገር አመለጠው። ሳምንት ሳይሞላው መኪናው ዳገት መሃል ባትሪ ጨርሶ ቀጥ አለ። ተጎትቶ ወጣ። ደገመው።

የስምሪት ኃላፊው ትዕግሥቱ አለቀ። "ከእንግዲህ አንዴ ከቆመብህ ቁልፉን ለእህትህ ባል ነው የምሰጠው። አንተ አቧራ የሚያርሰውን የእሱን የውሃ ቦቴ ትይዛለህ።"

የእህቱ ባል! ያ ሰውዬ እኮ ያለ ቁልፍም ጉራው ቤት አይበቃውም። ፎሌ ተንደርድሮ ጋራዥ ገባ። ኤሌክትሪሻኗ የሚስቱ ታናሽ ናት፤ ምላሷ ከፒንሳዋ ይብሳል።

"ይሄ ባትሪ ሌባ ነው፤ ቀይሪልኝ።"

"ቁልቁለቱን እንዴት ነው የሚወርዱት ጋሼ?"

"በፎሌ ነዋ! ልቆጥብ ብዬ።"

ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። "መኪናው ቀለቡን የሚያገኘው እኮ እዚያ ነው! ማርሽ ላይ እንዳለ እግርዎን ሲያነሱ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፤ ሞተሩ ደግሞ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ፎሌ ሲያደርጉት ግን ጎማና ሞተር ተኳረፉ። ከተኳረፈ ትዳር ምን ይገኛል?"

"እና እስከ ዛሬ…"

"እስከ ዛሬ ሲያስርቡት ነበራ!"

በማግስቱ ኃላፊው ራሱ ጋቢና ገብቶ ተቀመጠ። ገልባጩ ድንጋይ እስከ አፉ ሞልቶ ቁልቁለቱን ሲጀምር፣ የፎሌ ቀኝ እጅ እንደ ልማዷ ወደ ማርሹ ሹልክ አለች። በግራው ቸብ አደረጋት።

"ምን ሆንክ?"

"ዝንብ ናት።"

እግሩን አነሳ። መኪናው አንዳች ነገር ከኋላ ጨምድዶ እንደያዘው ረጋ ብሎ ወረደ፤ የባትሪው ምልክት ግን ሽቅብ ይወጣል። ያን ሁሉ ድንጋይ ተሸክሞ ይወፍራል! ታች አራግፈው ባዶውን ሲመለሱ፣ የፈራው ዳገት ላይ ገልባጩ እንኳን ሊቆም አላቃሰተም።

"ቁልፉ ያንተው ነው" አለ ኃላፊው እየወረደ።

ፎሌ ማመስገኑን ረስቶ ቁልቁለቱን ቁልቁል ያያል።

"ጌታዬ፣ ይሄ መንገድ አላጠረም? ትንሽ ቢያስረዝሙት ምናለ?"